ከአሮጌው ሰርቨር ላይ የወረደው ከረጢት

ወንድሜን ቱ ጂንፋን ጠዋት በሚሠራበት ፋብሪካ፣ የኮምፒውተር ቴፖች በሚቀመጡበት ቴፕ ክፍል ውስጥ ሞቶ አገኙት። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ አየሩን ጨርሶበት ነበር። እሳት ግን አልነበረም። ፋብሪካው ጠርቶኝ ስደርስ አላለቀስኩም፤ የጫማው ክር መፈታቱን ብቻ አየሁ።

ጂንፋ፣ ባልደረቦቹ ጋሽ ፋ የሚሉት፣ በታይዋን ታይናን ከተማ ባለው ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበር። እኔና ጓደኞቼ እዚያው ዕቃ በኬሚካል ስናጥብ ኖረን ሳንባችን ተጎድቷል። ክሳችንን የያዘው ፍርድ ቤት በዚያ ዘመን የተለካው የፋብሪካው የአየር ልኬት ይቅረብ አለ። ልኬቱ ያለው የመረጃ ቅጂ በሚያዝባቸው የባክአፕ ቴፖች ላይ ብቻ ነው። የባክአፕ ሶፍትዌር የተሠራው ትናንት የጠፋን ነገር ለመመለስ ነው፤ ፋብሪካው ግን የድሮ መረጃው ሁሉ ማከማቻ አደረገው። የቱ መረጃ የቱ ቴፕ ላይ እንዳለ የሚያሳየው ማውጫ በአንድ አሮጌ ሰርቨር ውስጥ ነበር። ጂንፋ ልኬቱን በእሱ እየፈለገ ያወጣልን ነበር። አሁን ሰርቨሩ ተዘግቷል፤ ማውጫውም፣ በሩን ማን እንደከፈተ የሚያሳየው መዝገብም ተሰርዘዋል።

መርማሪ ሉዎ አጭር ሴት ናት። ከአሮጌው አጠገብ ባለው አዲስ ሰርቨር ላይ የቆመውን አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ ‹ጨዋ ሁን› ሁልጊዜ እዚህ ነው?»

‹ጨዋ ሁን› የብስኩቱ ስም ነው። ማሽኑ እንዳይረብሽ አናቱ ላይ የማያስቀምጥ ባለሙያ እኛ ዘንድ የለም።

«ኧረ አሮጌው ላይ ነበር!» አለ ዘበኛው ልያዎ። «ትናንት በመስታወቱ አይቼዋለሁ።»

«ሰውዬው ተሳስቶ ሰርቨሩን ዘጋ፣ ተሳስቶ የጋዙን ቁልፍ ነካ» አለ ውጭ አገር ያደገው ሥራ አስኪያጅ ዌንግ። «ሰው ሞቶ ስለ ብስኩት ነው የምናወራው?»

«እርስዎ አያምኑበትም?» አለችው ሉዎ።

«እሳቸው?» አለ ልያዎ። «አምና ርቧቸው አንዱን ቀደው በሉት እኮ! ክፍሉ በሙሉ አኮረፋቸው።»

«እንደማይበላ ማን ነገረኝ!» ዌንግ ቀላ።

«እርስዎስ ጋሼ፣ እዚህ ይገባሉ?» አለች ሉዎ ወደ ዘበኛው ዞራ።

«በሩ በጣት አሻራ ነው የሚከፈተው። የሟቹ፣ የሳቸውና የቦዌን ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው። የኔ ጣት ሻይ መያዣ ነው።»

የጂንፋ ምክትል ጂያን ቦዌን በሩ አጠገብ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ስብሰባ አዳራሹ ሰበሰበችን።

«ሰርቨሩ በሥርዓት ነው የተዘጋው» አለች ሉዎ። «ጂንፋ አይዘጋውም፤ የእህቱን ልኬት እያወጣበት ነበር። አቶ ዌንግ ቢዘጉት ከረጢቱ እዚያው ይቀር ነበር፤ ለእሳቸው ብስኩት ነው። የዘጋው ሰው ግን አስቀድሞ አወረደው፤ ‹ጨዋ ሁን› የተባለ ማሽን አይዘጋማ። አልጣለውምም። አዲሱ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ አቆመው። ይሄ በልማድ የሚሠራ የባለሙያ እጅ ነው። ከሦስቱ የቀረው ደግሞ አንድ ነው።»

ቦዌን እጁን አየ።

«ሳላስበው ነው ያወረድኩት» አለ። «አቶ ዌንግ ማውጫውን ካጠፋህ የጋሽ ፋ ወንበር ያንተ ነው አሉኝ። ሰርዤ ስጨርስ ጋሽ ፋ ደረሰብኝ። ለፖሊስ እናገራለሁ አለ። ወጥቼ በሩን ቆለፍኩበት፤ ውጭ በኩል ያለውን ሁለተኛውን የጋዝ ቁልፍ ተጫንኩት።»

«እኔ ግደል አላልኩም!» ዌንግ ተነሣ።

«ይቀመጡ» አለችው ሉዎ።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልኬቱስ? ጠፋ?»

«አልጠፋም፣ እትዬ» አለ ቦዌን ሳያየኝ። «የጠፋው ማውጫው ነው። ቴፖቹን አንድ በአንድ አስነብቦ እንደገና መሥራት ይቻላል። ግን በይለፍ ቃል የተቆለፉ ናቸው። የምናውቀው እኔና ጋሽ ፋ ነበርን።»

ከቀናት በኋላ ፍርድ ቤቱ ፈቅዶ ፖሊሶች ቦዌንን ወደ ቴፕ ክፍሉ መለሱት። አንድ እጁ ከወንበሩ ጋር ታስሯል፤ መደርደሪያው ጋ አይደርስም። ፖሊሶቹ እንዳያበላሹ ቴፖቹን መንካት ፈሩ። ስለዚህ ቴፖቹን እኔ አወርድለት ጀመር። ጓደኞቼ ውጭ ሲያስሉ ይሰማኛል።

ማሽኑ አንዱን አንብቦ ተፋው።

«የሚቀጥለውን፣ እትዬ» አለ።

አቀበልኩት።