ቀለም መሞከሪያው

በአሳታሚ ድርጅቱ ውስጥ ሁሉም ሰው «ቀለሜ» ይላታል። በትምህርት ጎበዝ ስለነበረች አይደለም፤ ሒሳብ ላይ ወድቃ ታውቃለች። የሕፃናት መጻሕፍትን ገጽ የምታሰናዳው፣ ጽሑፉ ሰማያዊ ይሁን ቡናማ፣ መደቡ ነጭ ይሁን ክሬም ብላ የምትወስነው እሷ ስለሆነች ነው። ስሙን ትወደው ነበር። ዓይኗ መድከም ከጀመረ ወዲህ ግን በተጠራች ቁጥር ቀና ሳትል «አቤት» ትላለች።

በሽታው ከአባቷ የወረሰችው ነው። ሐኪሙ አልሸነገላትም፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከመጣ ግን አይመለስም አላት። በመጀመሪያ የከዷት ተቀራራቢ ቀለሞች ናቸው። አንዱ ሌላው ውስጥ ይሰምጥባታል፤ ግራጫ ጽሑፍ ነጭ ገጽ ላይ ውሃ እንደነካው ይጠፋባታል። ይህን ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከሰው ሁሉ ቀድማ ቢሮ ትገባና አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግታ ትሠራለች። ኮቴ ስትሰማ ቶሎ ብላ ወንበሯ ላይ ትደላደላለች።

ፕሮግራመሩ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ድርጅቱ ለሙከራ እየታተመ የሚጣለው ወረቀት ቢበዛበት፣ የጽሑፍና የመደብ ቀለም አስቀድሞ ኮምፒውተር ላይ የሚሞከርበት ፕሮግራም እንዲሠራ ቀጠረው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ የሚቆልፍ ሰው ነው።

«ሥራዋን ቁጭ ብለህ እይ ተብዬ ነው» አላት ወንበር እየሳበ።

«እይ። ማየት በነጻ ነው።»

ሳቀ። ሳቁ ከቁመናው ይበልጣል፤ አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ቀና ብለው አዩት። እሷም ሳቀች፤ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ።

የሠራው ፕሮግራም ቀላል ነበር። የፈለጉትን ዓረፍተ ነገር ይጽፉበታል፤ ከጎን ያሉትን ማንሸራተቻዎች ወዲያ ወዲህ ሲሏቸው ጽሑፉና መደቡ ወዲያውኑ ቀለም ይለውጣሉ። አንድ ቀን ጠዋት ከፍቶ አሳያት።

«እንዴት ነው?»

«መደቡ ቆንጆ ነው። ጽሑፉን መቼ ልታስገባ ነው?»

ፕሮግራመሩ ከስክሪኑ ወደ እሷ ዞረ። ጽሑፉ እዚያው ነበር።

ዓይኑ እሷ ላይ ሲቀር ገባት። እጇን ከጠረጴዛው አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

«አልናገርም።»

ከዚያ ማንሸራተቻውን ቀስ አድርጎ ገፋው። ፊደሎቹ ከጭጋግ ውስጥ እንደሚመጣ ሰው ብቅ አሉ። «ስትስቂ ደስ ይለኛል» ይላል።

«ያደበዘዝኩት አፍሬ ነው» አላት። እውነትም ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ያ ቅላት ግን ለእሷ አልታያትም።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ፕሮግራሙን ለእሷ እንዲሆን አድርጎ አሻሻለው። ጽሑፉና መደቡ ሲቀራረቡ «አይነበብም» የሚል ትልቅ ጥቁር ጽሑፍ ብቅ ይላል። በዓይኗ ያጣችውን በዚያ እየለካች መሥራት ቻለች። ገጾቿ እንደ ድሮው አማሩ።

ምሳ አብረው መብላት ጀመሩ። መንገድ ላይ ክንዷን አይጎትትም፤ «ደረጃ» ይላል፣ ይኸው ነው። በኋላ የሚከራይ ቤት አብረው መፈለግ ጀመሩ። እሷ ሰፊ መስኮት ያለው ካልሆነ አለች። «ብርሃኑን እስካለ ልጥገበው።»

እናቷ ነገሩን ስትሰማ የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች።

«ያውቃል?»

«ያውቃል፣ እማዬ።»

«ማወቅና መኖር ይለያያል፣ ልጄ። አባትሽን እወደው ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ሲጠራኝ እየሰማሁት ዝም እል ነበር። ስለ ጠላሁት አይደለም፤ ሰልችቶኝ ነው።»

በማግስቱ ይህን ለፕሮግራመሩ ነገረችው። ረጅም ጊዜ አሰበና «እኔ እናትሽን አይደለሁም» አላት። አመነችው።

ሥራ አስኪያጇ ፕሮግራመሩን ቢሮዋ የጠራችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀልጠፍ ያለች፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ የምትሰጥ ሴት ነች።

«ቀለም በዓይናችን ስንመርጥ ኖረናል። ይኼ ነገር ምን ጨመረልን? ከዚህ ወዲያ ገንዘብ አላወጣበትም።»

ያን ሁሉ ልፋቱን አሰበ። «ቀለሜ ያለዚህ መሥራት አትችልም» አለ።

ካመለጠው በኋላም ዝም ማለት ይችል ነበር። ሴትየዋ ጠጋ ብላ «እንዴት?» ስትለው ግን አንድም ሳያስቀር ዘረገፈው። እያወራ ፊቷ ሲለሰልስ አየ። ለቀለሜ ያዘነች መሰለው።

ድርጅቱ ፕሮግራሙን ለሌሎች ሊሸጠው ወሰነ። ትልልቅ ደንበኞች ተጠሩ። ለቀለሜ የተነገራት ሥራሽን ታቀርቢያለሽ ተብሎ ነው። ለፕሮግራመሩ ግን የሚሆነው ሁሉ ቀደም ብሎ ተነግሮታል። «የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ይልቅ ያኮራታል» አለችው ሥራ አስኪያጇ። ሊነግራት አስቦ ኮሪደር ላይ ጠበቃት። አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች።

«አማረብኝ?»

«አምሮብሻል» አለና አለፈ።

አዳራሹ ውስጥ ትልቁ ስክሪን ፊት አስቀመጧት። የምታቀርባቸውን ገጾች ጭኗ ላይ ደርድራ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ሥራ አስኪያጇ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ለእንግዶቹ ተናገረች።

«የቀለም ባለሙያችን ዓይኗን እያጣች ነው። ፕሮግራማችን ምን እንደሚሠራ ከእሷ በላይ የሚያሳይ የለም። እስቲ አንብቢው፣ የኔ እመቤት።»

ቀለሜ ጭኗ ላይ ያሉትን ገጾች በእጇ ያዝ አደረገቻቸው። ስክሪኑ ላይ ያለውን አነበበች። «ልጆቹ ወደ ሜዳ ወጡ።»

ማውሱ ሲንቀሳቀስ ሰማች። የያዘው ማን እንደሆነ ዞራ ማየት አላስፈለጋትም። ጽሑፉ ፈዘዘ።

«አሁንስ?»

«ልጆቹ ወደ ሜዳ ወጡ።»

ማውሱ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ዓይኗን አጥብባ፣ አንገቷን አስግጋ እንደምንም አነበበች። አሁን ያቆማል አለች በልቧ። አላቆመም።

«አሁንስ?»

«አይታየኝም።»

«ለእኛ ግን ይታየናል፣ አይደል?» አለች ሥራ አስኪያጇ ወደ እንግዶቹ ዞራ። በጨዋ ደንብ ሳቅ አሉ። ከዚያ ጽሑፉ ቀስ እያለ ጠቆረ፤ ቀለሜ እንድታነብ ታዘዘች፣ አነበበች፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ያዘጋጀቻቸውን ገጾች የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሥራ አስኪያጇ ስትሸኛት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «ከእንግዲህ ዓይንሽን አሳርፊ። ገጹን ሌላ ሰው ይሠራዋል። አንቺ ከእኛ ጋር ደንበኛ ዘንድ እየዞርሽ ይህንን ታሳያለሽ።»

ቀለሜ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። አልተመለሰችም።

ፕሮግራመሩ ቤቷ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። እናቷ በሩን ከፍታ ሳታናግረው ወደ ጓዳ ገባች። ከፊቷ ተቀመጠ።

«ፕሮግራሙን ሊዘጉት ነበር» አላት። «የምትሠሪበት እንዳይቀርብሽ ብዬ ነው የነገርኳት። በእኔ ቤት አንቺን ማዳኔ ነው።»

«ገዙት?»

«ገዙት።»

«ሲያጨበጭቡ ምን ተሰማህ?»

መዋሸት ይችል ነበር።

«ደስ አለኝ» አለ። «ለትንሽ ጊዜ። ግን ደስ አለኝ።»

ቀለሜ አንገቷን ነቀነቀች። ማልቀስ የከጀላት ያኔ ነው፤ አላለቀሰችም።

«እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። አሁን ሂድ።»

«እጠብቅሻለሁ።»

«አትጠብቀኝ። እኔም ስጠብቅህ ነበር፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ። ማውሱን ይለቀዋል እያልኩ።»

ብዙ ጊዜ ደወለ፤ አላነሳችም። ፕሮግራሙ በየቦታው ተሸጠ፣ እሱም ክፍል ኃላፊ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሴት አገባ። ደስተኛ ነው ይላሉ፤ ሳቁ ግን እንደ ድሮው እስከ ጎረቤት አይሰማም ይላሉ የሚያውቁት።

የቀለሜ የዓይን ብርሃን ሙሉ በሙሉ ጠፋ። አንድ የመጓጓዣ ድርጅት ውስጥ ስልክ ታነሳለች፤ ደንበኞች በድምፅዋ ይወዷታል። እዚያ ቀለሜ የሚላት የለም።

አንድ እሑድ ከሰዓት እናቷ ጸጉሯን እያበጠረችላት ያልታሰበ ጥያቄ ጠየቀቻት።

«ያን ልጅ ይቅር አልሽው?»

«ምስጢሬን ማውጣቱንስ ከተውኩት ቆየሁ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያልለቀቀሽ?»

እናቷም ማበጠሯን አላቋረጠችም።

«ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ እማዬ» አለች በመጨረሻ፣ «እሺ እለው ነበር። ራሴ ሄጄ እዚያ ስክሪን ፊት እቀመጥለት ነበር።»