የበርሀ ጓጉንቸር

በርሀን ከአመድ ጉድጓዱ ሲያወጡት ፊቱ አይለይም ነበር። በአንገቱ ክር ላይ አንዲት ትንሽ የጓጉንቸር መክፈቻ ተንጠልጥላለች።

የሞተው በስደት አገር፣ ፌኸንሃይም በሚባል ሰፈር፣ ማይን ወንዝ ዳር፣ ከሰል እያነደደ ለከተማው መብራትና ሙቀት የሚያመነጭ ጣቢያ ውስጥ ነው። በ2009 ብርዱ ሳይገባ ምድጃው ቆሞ እየተጸዳ ነበር። አመድ የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ማብሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ እሱ ወጥቶ እስኪከፍተው ማሽኑ አይነሳም። የበርሀ ጓጉንቸር ግን የተገኘው ልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው። ሳይቆልፍ ገባ፣ በራሱ ጥፋት ሞተ ተባለ። ሚስቱ እታለም እንኳ አመነች፤ ለቅሶ የመጣውን ሰው ቀና ብላ ማየት አፈረች።

የፖሊስ መርማሪዋ ኮሚሳር እፀገነት የጽዳቱን አለቃ ስም ስትሰማ ክፉኛ ደነገጠች። ጋሼ ዓምደ ሚካኤል፣ ኡንተርሊደርባህ በሚባል ሰፈር በኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰበው የአማኞች ጉባኤ ሽማግሌ፣ በልጅነቷ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማሯት ሰው ናቸው። ትውውቃቸውን ለአለቃዋ ብትነግረውም፣ አማርኛ የሚችል ሌላ መርማሪ የለኝም ብሎ ላካት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው መሐንዲሱን ኬስለርን ነበር። ጣቢያው እንዲነሳ ከላይ ሲያጣድፉት እንደነበር አልደበቀም። ዓምደ ሚካኤል «ባዶ ነው» አሉት፤ ሄዶ ሲያይ ጓጉንቸር የለም፤ አስነሳው። የሁሉም ጓጉንቸር ትርፍ መክፈቻ በብረት ሣጥን ተቆልፎ እንደሚቀመጥ፣ ሣጥኑን የሚከፍቱትም እሱና ዓምደ ሚካኤል ብቻ እንደሆኑ ነገራት።

የበርሀ የሥራ ባልደረባ ባህታ ደግሞ እያለቀሰ አንድ ነገር አነሳ። የዚያን ዕለት ጠዋት የበርሀ ቁምሳጥን በር አልዘጋ ብሎት ሁለቱ ቁምሳጥን ተለዋውጠው ነበር። የስም ወረቀቱን አልቀየሩም።

«ስትለዋወጡ ማን ነበር?»

«ጋሼ ብቻ። ኬስለር ፈረቃውን ገና አልጀመረም ነበር።»

እፀገነት የባህታ ስም የተለጠፈበትን፣ በርሀ የተጠቀመበትን ቁምሳጥን ከፈተች። የበርሀ ነጭ ሸሚዝ እንደታጠፈ ነው፤ ቅንጣት አመድ የለበትም። በማስረጃነት በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ የቆየውን ጓጉንቸር አየችው። እስከ መክፈቻ ቀዳዳው አመድ ለብሷል። እዚያው ቆማ ቀረች። ይህን ባላየሁ ብላ ተመኘች።

በማግስቱ ሦስቱንም ከእታለም ጋር ካንቲን ውስጥ ሰበሰበች።

«ጓጉንቸሩ ጠዋት ተወልውሎ ነው የሚታደለው፤ ቁምሳጥን ውስጥ ቢውል እንደ ሸሚዙ ንጹሕ በሆነ ነበር» አለች። «አመድ የሚበንነው ማብሪያው አጠገብ ነው። ስለዚህ በርሀ ቆልፎ ነው የገባው። ከገባ በኋላ ደግሞ በሕይወት አልወጣም፤ ሌላ ሰው ከፍቶ ወሰደው። አልተሰበረም፤ የበርሀም መክፈቻ አንገቱ ላይ ነው። የተከፈተው በትርፉ ነው። ባህታ ሣጥኑን መክፈት አይችልም። መሐንዲሱ ኬስለር ይችላል፤ ግን ቢደብቀው ኖሮ የበርሀ ስም ያለበት ቁምሳጥን ውስጥ ይከተው ነበር፤ መለዋወጣቸውን አያውቅማ። ሣጥኑን መክፈት የሚችል፣ መለዋወጣቸውንም የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።»

ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩን።»

ሽማግሌው ቀስ እያሉ ተናገሩ። ኬስለር ሲያጣድፋቸው በርሀን ከውጭ ጠሩት፤ መልስ ሲያጡ ጓጉንቸሩን ረስቶ ምሳ ሄዷል አሉ። ከፈቱት።

«ጎንበስ ብዬ አላየሁም» አሉ። «ጩኸቱን ስሰማ ጓጉንቸሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሕዝቡ ፊት እንዴት እቆማለሁ ብዬ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። አፈርኩ፣ ልጄ።»

እታለም ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«እርስዎ እንዳያፍሩ እሱ መቃብር ውስጥ ይፈር?» አለቻቸው። «በቀብሩ ላይ ስለ ጥንቃቄ የሰበኩት እርስዎ ነዎት። እኔም ልጄን፣ አባትሽ ቸልተኛ ነበር ብያታለሁ።»

ባህታ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ኬስለር ቋንቋው ባይገባውም አቀረቀረ።

እፀገነት ሽማግሌውን በእጇ ደግፋ አስነሳቻቸውና በር ላይ ለቆመው ፖሊስ አስረከበቻቸው። ከዚያ እታለምን ተከትላ ወጣች።

«አብሬሽ ልምጣ?»

እታለም አሰበችና ራሷን ነቀነቀች።

«አትምጪ። ልጄን የዋሸኋት እኔ ነኝ፤ እኔው ልንገራት።»