የአንበሳው ጅራት

ዘመድኩን የሞተው የአንበሳውን ራስ እንደደፋ ነው። መርማሪ ሰገነት ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፣ ዓይኑ ቡጢ የሚያህል፣ ቀይ ጢሙን ያንዠረገገ አውሬ ሲሚንቶው ላይ ተንጋሎ ሲስቅ ነበር። ከአውሬው አገጭ ስር የሰው አንገት ወጥቷል። አንገቱ መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፏል።

«ማን ነካው?» አለች።

«ሲፉ ብቻ፤ ትንፋሽ እንዳለው ለማየት» አለ አብሯት የመጣው ወጣት ኮንስታብል።

ሲፉ ማለት መምህር ማለት ነው። ሚስተር ላም የሰባ ዓመት አዛውንት ናቸው። ክሬሰንት ታውን የሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ስር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የቻይናን የአንበሳ ጭፈራ ለጀማሪዎች በነጻ ያስተምራሉ። በመስከረም ማስታወቂያውን አይተው ከመጡት ሀበሾች አራቱ እስከ ጥር ዘልቀዋል። መጀመሪያ ሰሞን «ለኛ ደግሞ አንበሳ መሆን ትምህርት ያስፈልገዋል እንዴ!» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ለቻይናውያን አዲስ ዓመት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሦስት ቀሩ።

አንበሳው ሁለት ሰው ነው። ፊተኛው ራሱን ይይዛል፤ ያያል፣ ይዘላል። ኋለኛው ከጨርቁ ስር አጎንብሶ የፊተኛውን መቀነት በሁለት እጁ ይጨብጣል፤ ከሰውየው ተረከዝ በቀር የሚያየው ነገር የለም። ፊተኛው ሲዘል በመቀነቱ የሚያነሳውም የሚያሳርፈውም እሱ ነው። ስሙ ጅራት ነው።

አዳራሹ ጀርባ፣ ከኋላው በር አጠገብ፣ ጫፋቸው ላይ ክብ መርገጫ የተበየደባቸው የብረት ምሰሶዎች ቆመዋል። ቁመታቸው ሰው ያህላል። ጀማሪ አይወጣባቸውም። ዘመድኩን የተኛው ከእነሱ ስር ነበር።

«ልጁ መኪና ውስጥ ነው» አለ ኮንስታብሉ። «ፍራኦል የሚባለው፤ የሟቹ ጅራት። ሟቹ ጠዋት "ዛሬ ምሰሶው ላይ እንወጣለን፣ ቶሎ ና" ብሎ ጽፎለታል። ጣለውና ሮጠ፣ ኋላ ምንም እንዳላወቀ ሆኖ ተመልሶ መጣ። ደግሞ ዜግነት የለውም።»

«ዜግነት እዚህ ምን አገባው?»

«ከተፈረደበት ይባረራል ማለቴ ነው።»

«ወዴት?»

ኮንስታብሉ ወረቀቱን አየ። «ኢትዮጵያ። በሦስት ዓመቱ ነው የመጣው።»

ሰገነት ማስታወሻዋን አወጣች። ራሷ ስትመጣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እንግዲህ እሷ የምትባረርበት አገር ቢያንስ ታውቀዋለች። ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የአንበሳው የጀርባ ጨርቅ በሙሉ ርዝመቱ ወደ ኋላው በር ተዘርግቷል፤ ጫፉ እንደ ወለቀ ካልሲ ተገልብጧል። ዘመድኩን የታጠቀው ቀይ መቀነት ወገቡ ላይ አልነበረም። ወደ ጎድኑ ወጥቶ፣ ከፊት የታሰረው ቋጠሮ ወደ ጎን ዞሯል። ነጩ ካናቴራ ላይ መቀነቱ የነካው ቦታ ሁሉ ቀይ ጥሏል።

«ሲፉ፣ ብቻውን የሚለማመድ ሰው ጨርቁን ምን ያደርገዋል?»

«ጠቅልሎ ወገቡ ላይ ያስረዋል። አለዚያ ይጠልፈዋል። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው።»

«መቀነቱስ?»

«ዛሬ ከሰዓት ነው ከፌስታሉ ያወጣሁት፣ ለበዓሉ ብዬ። ርካሽ ነው፤ ላብ ከነካው ቀለሙ ይለቃል። ሳላጥበው ወሰደብኝ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ዕቃ ክፍል፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ከበሮ እወጥር ነበር። የዘመድኩንን ድምፅ ሰማሁ። አንድ ቃል ነው፣ ጥያቄ፤ በቋንቋችሁ።»

«ያስታውሱታል?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አርባ ዓመት ከበሮ የመቱ ሰው ናቸው። «አለ… አለህ። መጨረሻው ትንፋሽ ነው።»

«አለሽ አይሆንም? ሽ?»

«ትንፋሽ ነው» አሉ። «ከዚያ ደነገጠ። እንዲህ አደረገ።» አየር ወደ ውስጥ ሳቡ፤ አጭርና ስለታም። «ከዚያ ዘለለ። ከዚያ ብረቱ ጮኸ። ጉልበቴ ቀርፋፋ ነው፤ ስደርስ እሱ ብቻ ነበር። የኋላው በር ይወዛወዛል።» እጃቸውን አዩ። «የፈራ ሰው እንዲዘል ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ሰገነት ማስታወሻዋን ዘጋች። ፈርቶ የሚዘል ሰው አይታ ታውቃለች። ጠይቆ፣ ፈርቶ፣ ከዚያ ደግሞ የሚዘል ግን አይታ አታውቅም።

ውብአለም የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ቡድኑ ውስጥ ሁለቱን የናስ ሰሃኖች የምታጋጨው እሷ ነች። በፊት ለፊቱ በር ስትገባ ሲፉ ሬሳው ላይ ተንበርክከው እንዳገኘቻቸው ተናገረች።

«ከዘመድኩን ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

ውብአለም አየር ወደ ውስጥ ሳበች።

ኮንስታብሉ ደንግጦ እስክሪብቶውን አወረደ። «አመማት እንዴ? ውሃ ላምጣ?»

«አላመማትም» አለች ሰገነት። ቀጥሎ ልትጠይቅ የነበረውን ለአፍታ ረሳችው። «በምን ተጣላችሁ?»

«ከማን ያልተጣላ አለ? "ናስ ከምታንኳኪ ድስት ብታጥቢ ይሻልሻል" አለኝ፣ ሰው ፊት። ፍራኦልንማ "ላንተ አማርኛ ማባከን ነው" ብሎ ከጥቅምት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሬዲ? ጎ! ስቶፕ! ውሻ የሚያሠለጥን ነው የሚመስለው።»

«አራተኛውን፣ ዋለልኝንስ?»

ውብአለም አንገቷን ደፋች። «ቪዲዮውን አላዩትም?»

ስልኳን አቀበለቻት። አርባ ሰባት ሰከንድ ነው። በኅዳር ዋለልኝ የዘመድኩን ጅራት ነበር። ሲፉ ሁለቱን ከጨርቁ ስር በፈረስ አቋም አቁመዋቸዋል፦ እግር ተከፍቶ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ሳይነቃነቁ። ጀማሪ ሦስት ደቂቃ ከቆመ ጎበዝ ነው። ዋለልኝ ሰባት ደቂቃ ቆመ። ጭኑ እየተንቀጠቀጠ፣ አልቀመጥም ብሎ ቆመ፤ ሰውነቱ ግን አልታዘዘውም። ዘመድኩን ጨርቁን ገልቦ ስልኩን ደቀነበት። «ኑ እዩ! አንበሳው ሸና!» ይላል ድምፁ። ሳቅ ይሰማል፤ የአንድ ሰው ሳቅ አይደለም።

«ፌስቡክ ላይ ለቀቀው» አለች ውብአለም። «አዲስ አበባ ያለችው እጮኛው አየችው፤ ወንድሞቿም አዩት። በሳምንቱ ቀለበቱን መለሰች።» ስልኳን መልሳ ተቀበለች። «እኔም ስቄያለሁ።»

«ከዚያ ወዲህ ጨርቁ ስር ገብቶ ያውቃል?»

«ማን አስገብቶት! ሁለት ወር ሙሉ እየመጣ ጥግ ይቀመጣል፣ ሻይ ያፈላል። ዘመድኩን "ከጅራትነት የተባረረ" ይለዋል። እሱ ፈገግ ይላል።»

ዋለልኝን ትንሿ ኩሽና ውስጥ አገኘችው፤ ለሁሉም ሻይ ይቀዳል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። እጁ ላይ ጥቁር የሱፍ ጓንት አድርጓል።

«ስኳር ላድርግልዎት?»

«አልፈልግም። ቤቱ ይሞቃል እኮ።»

«እኔ አይሞቀኝም እህቴ። ሰባት ክረምት አሳለፍኩ፣ ብርዱን አልለመድኩትም።»

«ዘመድኩን ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ከዳንፎርዝ ጎዳና በእግሬ እየመጣሁ። ስደርስ አምቡላንሱ ቆሟል።»

«ትጠላው ነበር?»

«አብሮ አደጌ ነው። እዚህ አገር ኤርፖርት የተቀበለኝ እሱ ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ዋለልኝ ፈገግ አለ። ውብአለም የነገረቻት ፈገግታ ይኸው ነው፤ ከዓይን የማይደርስ። «ሻይዎ ይቀዘቅዛል» አላት።

ፍራኦልን ከመኪናው አወረዱት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የነርስነት ተማሪ። ሰገነትን ሲያይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እጆቹ በካቴና የተያያዙ ናቸው፤ ሰፋፊና ንጹሕ።

«ኦፊሰር፣ ትሬይን ላይ ነበርኩ። ቆመ። አይ ስዌር። ዘሜ ጋ ምሰሶ ላይ አልወጣም ብዬ ቴክስት አድርጌለት ነበር።» አፍንጫውን ጠረገ። «ወደዛ ቢልኩኝ ማንን አውቃለሁ? አማርኛ ማንበብ እንኳ አልችልም እኮ።»

«እጅህን አሳየኝ።»

አሳያት። አገላብጣ አየችውና ተወችው።

ከዚያ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ሬሳው ተነስቷል፤ አንበሳው ግን እንደወደቀ ነው። ሲፉን ወደ ዕቃ ክፍሉ እንዲመለሱ፣ በሩን ቅድም እንደነበረው ገርበብ አድርገው ከበሯቸውን እንዲወጥሩ ለመነቻቸው።

«ዘመድኩን ብቻውን አልነበረም» ብላ ጀመረች። «ብቻውን ቢሆን ጨርቁን ጠቅልሎ ያስረው ነበር። ተዘርግቷል፤ ጫፉ ተገልብጧል። ከውስጡ ሰው ወጥቶ በኋላ በር ሄዷል።»

ፍራኦል ከንፈሩን ነከሰ። ኮንስታብሉ ጠጋ አለው።

«አደጋስ ይሆን? ጅራቱ እጁ አምልጦት ቢሆን መቀነቱ ወገቡ ላይ ይቀር ነበር። መቀነቱ ግን ጎድኑ ድረስ ወጥቶ ዞሯል። ሰውየው አየር ላይ ሳለ ወደ ኋላ ተጎትቷል።»

«ኢየሱስ!» አለች ውብአለም።

«ከመዝለሉ በፊት ፈርቶ ነበር ይላሉ ሲፉ። እሺ፣ ፈርቶ ነበር እንበል።» ሰገነት የሆነ ነገር እንደጠፋባት ሰው ዞር ዞር አለችና ዋለልኝን አየችው። «አንተ ሠርተኸዋል፣ አስተካክለኝ። ጅራት መቀነቱን የሚጨብጠው ከወገቡ ግራና ቀኝ ነው አይደል?»

ዋለልኝ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። አጭርና ስለታም።

ከበሮው ቆመ። የዕቃ ክፍሉ በር ተከፈተና ሲፉ ብቅ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ማነው?» አሉ። «አሁን የደነገጠው ማነው? ያ ነው። ያ ድምፅ ነው።»

«ማንም አልደነገጠም ሲፉ» አለች ሰገነት። «እኛ አንዳንዴ አዎ የምንለው እንዲህ ነው።»

ሰገነት ወደ ምሰሶዎቹ ጠቆመች።

«ዘመድኩን ምሰሶው ላይ ሆኖ "አለህ?" አለ። ከጨርቁ ስር ያለው ሰው አዎ አለው። ስለዚህ ዘለለ። አለሽ አላለም፤ ውብአለም አይደለችም። ፍራኦልን ደግሞ "ሬዲ?" ነው የሚለው፤ አማርኛ አያባክንበትም። አለህ የሚለው አንድ ሰው ቀረ።» ወደ ዋለልኝ ተራመደች። «መቀነቱ ከፌስታል የወጣው ዛሬ ነው። ላብ የነካው እንደሆነ ይለቃል። የፍራኦልን እጅ አየሁት፤ ምንም የለበትም። ሁለት ወር ጨርቁ ስር ያልገባው ሰው ግን በዚህ ሙቀት ጓንት አድርጎ ሻይ ይቀዳል። አውልቅ።»

ዋለልኝ አልተጣደፈም። ጣት በጣት አወለቀ። መዳፉ በድስት ማጠቢያ ሽቦ ተፈግፍጎ ቆዳው ተልጧል። የመዳፉ መስመሮችና የጥፍሮቹ ስር ግን አሁንም ቀይ ናቸው።

«ቀድሜ ደረስኩ» አለ። «ፍራኦል ቀርቶበት ተናዷል። "ና እስቲ፣ ዛሬ እንኳ ቁም" አለኝ። እኔን! ያን ሁሉ ካደረገኝ በኋላ ጀርባውን ሰጠኝ። አልፈራኝም እኮ። ሁለት ወር የጠበቅሁት ይህንን ነው፤ ጀርባውን እስኪሰጠኝ። ይሰጠኛል ብዬ ግን አላመንኩም ነበር።» መዳፉን ተመለከተ። «አለህ? አለኝ። ነበርኩ። እስኪዘል ድረስ ነበርኩ።»

ኮንስታብሉ የፍራኦልን ካቴና ፈታ። ልጁ አንጓውን እያሻሸ ቆመ።

«ዋሌ» አለ። «እኔን ሊወስዱኝ ነበር እኮ። እያየህ… ዝም ትል ነበር?»

«ሠላሳ ሁለተኛው ሰከንድ ላይ የሚሰማው ሳቅ ያንተ ነው» አለው ዋለልኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየው። «በየማታው እሰማዋለሁ። የማን የማን እንደሆነ ለይቻለሁ።»

 ውብአለም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀች። ሲፉ ጎንበስ ብለው የተገለበጠውን የጨርቁን ጫፍ መለሱት።

ኮንስታብሉ ዋለልኝን አስሮ መብቱን ከወረቀት ላይ አነበበለት። ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ ጠበቃ የመጥራት መብት እንዳለው። ሲጨርስ «የተነገረህ ገብቶሃል?» ብሎ ጠየቀው።

ዋለልኝ አየር ወደ ውስጥ ሳበ።

«በቃል መመለስ አለብህ» አለ ኮንስታብሉ። «ገብቶሃል?»

ዋለልኝ ደግሞ ሳበ።

ኮንስታብሉ ግራ ተጋብቶ ወደ ሰገነት ዞረ።

«አዎ ብሏል» አለች። «ጻፍ።»