ከእኔ የሸሸው ወንድሜ

ታምኑኝ እንደሆነ እንጃ... ግን እናቴ ትሙት፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ወደዚያች ትንሽ የበረሃ ከተማ የሄድነው ለዓመታዊ በዓሏ ነው። ቀን በጣውላ አሸዋ ላይ መንሸራተት፣ ሲመሽ ሙዚቃ። ወንድሜ ሊያገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ሁለታችን ብቻ መቼ እንሆናለን?» ብሎ ነው የጎተተኝ።

አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ካረፍንበት ፔንሲዮን ስንወጣ ኮፍያዬን ረሳሁ።

«በር ላይ ጠብቀኝ» አልኩት።

ይዤ ስመለስ ባለቤቲቱ አፍጥጣ አየችኝ።

«እንዴ! አሁን ከወንድምህ ጋር ወጣህ አይደል እንዴ?»

ሳቅኩ። «ሙቀቱ ነው እትዬ።»

እሷ አልሳቀችም።

በር ላይ ወንድሜ የለም...

ወደምንንሸራተትበት የአሸዋ ኮረብታ ሮጥኩ። የሁለት ሰው ዱካ ጎን ለጎን ይሄዳል። አንዱ የእሱ ነው። ሌላው...

እግሬን አሳረፍኩበት።

ልክክ አለ።

ቀና ስል አየኋቸው። ወንድሜ ከአንድ ሰው ጋር ተቃቅፎ ሽቅብ ይወጣል። ሰውየው የለበስኩትን ሸሚዝ ለብሷል። አረማመዱም የእኔ ነው።

«ኧረ እኔ እዚህ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ወንድሜ ዞረ። ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ሰውየው ተለጠፈ። ሹክሹክታውን ነፋሱ አመጣልኝ።

«ጋሼ... ይሄ አንተን የመሰለው ማነው?»

ከዚያ ሮጠ።

እጄ ላይ ያደገ ልጅ... እኔን ፈርቶ ሸሸ።

ጫፉ ላይ ስደርስ ማንም የለም። ዱካቸው ቁልቁለቱ መሃል ላይ ቆሟል።

አምስት ቀን ተፈለገ። አልተገኘም። እጮኛው ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እጁን አልያዝከውም ነበር?»



በዓመቱ፣ በዚያው በዓል ቀን፣ ብቻዬን ተመልሼ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ከታች ሰው ይጨፍራል።

ከጫፉ ማዶ ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኝ አሸዋው ላይ ተቀምጧል።

ቀረብኩት።

«የእኔ ልጅ... እኔ ነኝ» አልኩት እያለቀስኩ።

ሳይዞር አንሾካሾከ።

«ቀስ በል... ጋሼ ተኝቷል።»

ጭኑ ላይ የተኛው ሰው የእኔን ፊት ወደ እኔ አዞረ።

እሱም ያለቅሳል።