የሚቆመው ጡንቻ

ዶክተር ቃለሕይወት በቤተ ሙከራቸው፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ በደረታቸው ተደፍተው፣ ሞተው ተገኙ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። የጡንቻ ናሙና የሚቀዘቅዝበት ዕቃ ተገልብጦ፣ ናይትሮጅኑ ተንኖ የሚተነፈሰውን አየር አባሮታል። በጨበጡት ወረቀት ላይ በእርሳስ «ሁለት ብልቃጥ መድኃኒት ጎድሏል» ይላል።

«ውስጥ ማን ነበር?» አለች ኢንስፔክተር አሳየሽ ሻንቆ።

«ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ከበሬ አልተነሣሁም» አለ ዘበኛው ትግሉ። «ሳቢራና ኢሊያስ ብቻ ነበሩ፤ የሳቢራ ልጅም አለች። አይጦቹን ከቆጠሩ ደግሞ ብዙ ነን። እዚህ ቤት አይጥ ከዘበኛ ይበልጥ ይከበራል።»

ሳቢራ የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ናት። ጡንቻዋን ሕመም እያከሳባት መቆም ያቃታትን የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሀኒያን የሚጠብቅላት ስለሌለ፣ ጠዋት ጠዋት ከባጃጅ አውርዳ፣ ተሸክማ መጥታ ኮሪደር ላይ ታስቀምጣታለች።

«ዛሬ ጠዋት ከዶክተሩ ጋር ተጣልተሻል።»

«መድኃኒቱን ለልጄ ይስጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሰው ላይ አልተሞከረም አሉኝ። ጮህኩባቸው፤ አልዋሽም።» ካቴና የያዘውን ፖሊስ አየችው። «እኔ ከታሰርኩ ይህችን ልጅ ማን ያነሣታል? ማን ሽንት ቤት ያደርሳታል?»

አሳየሽ ጎንበስ ብላ የሀኒያን ካልሲ ሳብ አደረገችላት። ባቷ ላይ ሁለት የመርፌ ነጥቦች አሉ። ልጅቷ ቶሎ ቀሚሷን ጎተተች።

የዶክተሩ ረዳት ኢሊያስ ተረጋግቶ ነበር። «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ማይክሮስኮፑ ላይ ነበርኩ። በየአሥር ደቂቃው አንድ፣ ስድስት ፎቶ አንስቻለሁ። ሰዓቱን ማሽኑ ራሱ መዝግቦታል። ክፍሉን ስላሸጋችሁት እኔም ተመልሼ አላየኋቸውም።»

«የምን ፎቶ?»

«የአይጥ ሶሊየስ። ከባት ሥር ያለ ጡንቻ ነው፤ ለመቆም የሚያገለግል።»

አሳየሽ የታሸገውን ክፍል አስከፍታ ፎቶዎቹን አየች። ስድስቱም እንደ ክረምት የዳሞታ ተራራ አረንጓዴ ቦግ ብለዋል። ሳቢራን ጠራቻት።

«ይህ ብርሃን ምንድን ነው?»

«ቫይረሱ ጤናማውን ጂን ተሸክሞ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ጂኑን የሚያስነሣው ቁልፍ፣ ፕሮሞተሩም፣ ከቫይረስ የተወሰደ ስለሆነ ሁሉም ጡንቻ ላይ እኩል አይሠራም። ጂኑ የሠራበት ጡንቻ ያበራል። በአይጦቻችን ለሩጫ የሚሆነው ጡንቻ ቦግ ይላል፤ ሶሊየስ ግን ጭል ጭል ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«በሦስት ዓመት ቦግ ያለ ሶሊየስ አላየንም።»

አሳየሽ ሁሉንም ሀኒያ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«አባቴ እዚህ ሶዶ ሥጋ ቤት ነበረው። ቆሞ የሚሸከም ሥጋ ይቀላል፣ ቶሎ የሚፈናጠር ይነጣል ይል ነበር፤ እንደ ዶሮ እግርና ደረት። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ፣ ኢሊያስ፣ አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። ፎቶዎቹ ግን የሩጫው ጡንቻ ናቸው። ቸኩለህ የተሳሳተ ናሙና ከትተሃል፤ ያጋጥማል። ዓይኑን ሌንሱ ላይ ያደረገ ሰው ግን በመጀመሪያው ፎቶ ያወጣው ነበር። አንተ ስድስት ጊዜ አላየኸውም። ማሽኑ ብቻውን እንዲያነሣ አዘህ ወጥተሃል።»

«ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?»

«ስለ ሁለቱ ብልቃጥ። ሳቢራ፣ ልጅሽን ማን ወጋት?»

ሳቢራ የልጇን ቀሚስ ባቷ ላይ አስተካከለች። «ኢሊያስን የለመንኩት እኔ ነኝ። እንቢ ብሎኝ ነበር፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ዶክተሩ ዛሬ ብልቃጥ ሊቆጥሩ መሆኑን ስሰማ፣ ቢፈቅዱ ይሸፈናል ብዬ ለመንኳቸው፤ እንቢ ሲሉኝ ለኢሊያስ የነገርኩትም እኔው ነኝ። ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

ኢሊያስ ግድግዳውን ተደገፈ። «ሰው ላይ ሞክሯል ቢሉ ሰባት ዓመት የተማርኩት ገደል ሊገባ ነው። ዕቃውን ገልብጬ ወጣሁ፤ በሩን ስቀረቅር አንኳኩ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዝም አሉ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ኢሊያስ እጅ ላይ አጠለቀ።

«እማዬ» አለች ሀኒያ፣ «የኔስ ጡንቻ በርቶ ይሆን?»

ሳቢራ ኢሊያስን አየችው። እርሱ ዓይኑን ሰበረ። «ሶሊየስን ታውቂዋለሽ» አላት።

ሳቢራ ልጇን አቀፈቻት፤ እግሮቿ ተንጠለጠሉ።

«መሮጥ እኮ አልለመነችም» አለች። «መቆም ብቻ ነው።»