በ«ስትራይክ» ላይ የሞቱት አዘጋጅ

ሽማግሌው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጠዋት ላይ ከመስኮቱ ሥር በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። ግንባራቸው አብጧል፤ ማጅራታቸው ተሰብሯል። ታይፒስቷ የእህታቸው ልጅ እብጠቱን አየች። የእሷ ሥራ ነዋ! «አጎቴን ገደልኩ» አለች በሆዷ፤ ቀኝ እጇንም ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

የቤቱን ወግ ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። አዘጋጁ የግስን ፍቺ በአካል ሳያሠሩ አያስጽፉም፤ የተሠራበት ዕቃም ወደ ቦታው ሳይመለስ ማንም አይወጣም። ሰሞኑን የያዙት የእንግሊዝኛ ግስ «ስትራይክ» ነበር፤ ጉደኛ ግስ! መምታትም ነው፣ ክብሪት መጫርም፣ ሥራ ማቆምም፣ መሰረዝም፣ ድንኳን መንቀልም። ትናንት አመሻሽ ላይ የመምታት ተራ ደረሰና፣ «ይሄ መዳበስ ነው! ምቺ እንጂ፣ አንቺ ሰነፍ!» አሏት። ስንት ዓመት የዋጠችው ስድብ ገነፈለ። ግንባራቸውን በቡጢ አለቻቸው።

መርማሪዋ መጣች። ነገር አበጥራ ስለምትይዝ ባልደረቦቿ «ሰፌድ» ይሏታል።

«መጨረሻ አብሯቸው የነበረው ማነው?»

«እሷ ናት» አለ ምክትል አዘጋጁ። «እኔ መምታቱን እንደጀመሩ ወጣሁ።»

«አንቺስ?»

«እሱን እዚሁ ትቼው ነው የሄድኩት። ግን... መትቻቸዋለሁ።»

«ይኸው! ከራሷ አፍ ወጣ» አለ ምክትሉ።

ሰፌድ ክፍሉን ዞረች። አንዱ ትልቅ መጋረጃ ጠረጴዛው ላይ ጫፍ ከጫፍ ተገጣጥሞ ታጥፏል፤ ሌላው ግማሹ ከቀለበቱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። የእንጨት መሰላሉ ጥግ ላይ ቆሟል። በሁለት እጇ አነሳችውና «ኧረ ይከብዳል!» አለች። ከዚያ ዘበኛውን አስጠራች።

«አባባ፣ ትናንት ማን ሲወጣ አዩ?»

«ይቺን ልጅ ነዋ! እያለቀሰች። አንጓዋ አብጦ ዳቦ አክሏል። ክሊኒክ ወስጄ ቤቷ አደረስኳት። ስመለስ ቤቱ ጨልሟል፤ ሄደዋል ብዬ በሩን ዘጋሁ። ከእሷ በፊት ግን ማንም አልወጣም።»

ሰፌድ ሦስቱንም አስቀመጠቻቸው።

«እጅሽን አውጪ።»

ታይፒስቷ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን አወጣች።

«አጎትሽ ካንቺ በኋላ ሥራቸውን ቀጥለዋል። መጋረጃውን ድንኳን አድርገው ሲነቅሉ ነበር። ይሄን የሚያህል ጨርቅ ሁለት ሰው ካልያዘው እንዲህ አይታጠፍም። ሁለተኛውን ሊያወርዱ ወጡና ወደቁ፤ የገደላቸው የማጅራቱ ስብራት ነው። ታዲያ መሰላሉን ጥግ ያቆመው ማነው? ሙት ዕቃ አይመልስ! አንቺ በዚህ እጅ አታነሺውም፤ አባባም ካንቺ ጋር ነበሩ።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «እጅህ የቤቱን ደንብ ለምዷል፣ ወንድሜ። ሰው ሞቶ እንኳ ዕቃውን ወደ ቦታው መለስክ።»

ምክትሉ ላቡን ጠረገ።

«ለስረዛው ምሳሌ ብለው ስሜን ከሽፋኑ ላይ ሰረዙት። አሥራ ሁለት ዓመት የለፋሁበት መጽሐፍ! ቀልድ መስሎኝ ነበር። መሰላሉ ላይ ቆመው ‹እንደተሰረዘ ይታተማል› ብለው ሳቁ። ላስደነግጣቸው ብዬ መሰላሉን ሳብኩት... እግዜርን!»

ወሰዱት። ሰፌድ ኮቷን አነሳች።

«በይ እህቴ፣ ነፃ ነሽ። ቤትሽ ሂጂና ተኚ።»

ታይፒስቷ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ስመታቸው እኮ ይሙቱ ብዬ ነው» አለች።

ሰፌድ ኮቷን መልሳ አስቀመጠችና ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።