ስሙ የማይጠራው ቅርፊት

በናርዳ መንግሥት፣ በዙፋኑ አዳራሽ ጉልላት ላይ ጎጆውን የሠራው ነጭ ንስር በጠራራ ፀሐይ ከመንቁሩ ደም እያንጠባጠበ ወደቀ። በማግሥቱ ንግሥት ታምሪና ሲነቁ ትራሳቸው ከድዳቸው በፈሰሰ ደም ርሶ ተገኘ። የቤተ መንግሥቱ ባለራእይ አመድ በትነው ካነበቡ በኋላ፣ «ከሚፈውስ እጅ ሞት ይመጣል!» አሉ። ከዚህ ወዲያ ማን ይመርምር! ጣት ሁሉ በንግሥቲቱ መድኃኒተኛ በጠቢብ ሳቤር ላይ ተቀሰረ። ለንግሥቲቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ምን እንደሚሰጡ ሲጠየቁ ጠቢቡ ዝም አሉ። በናርዳ ዝም ያለ እንዳመነ ይቆጠራል፤ ስለዚህ በሰንሰለት ታሰሩ፤ ንግሥቲቱ ከሞቱም ከገደል እንዲወረወሩ ተፈረደባቸው።

ጠቢቡ ዝም ያሉት በእልህ አልነበረም። የናርዳ መድኃኒተኛ መድኃኒቱን ከጫካው መንፈስ በመሐላ ይቀበላል፤ የመድኃኒቱን ስም በባዕድ ፊት የጠራ እጁ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ መድኃኒቱም ከዘሩ ይወጣል። ይህ ተረት አይደለም። አንድያ ልጃቸው ኢያሬ እጁ የደረቀ ሽማግሌ በዓይኗ አይታለች፤ አባቷም ያንኑ ምሥጢር አስተምረው አስምለዋታል።

ኢያሬ በጉባኤው ፊት ቆመች። «ደም የሚያስረውን የቋጠሮ ቅጠል ገደለ ሐሞት ከሚባለው ተራራ አመጣለሁ። ባላመጣ በአባቴ ፈንታ እኔ ልወርወር!» ስትል ማለች።

መሐላዋን ተቀበሏት፤ ግን የመርዘኛ ልጅ ብቻዋን ማን ይለቃታል? እንዲጠብቃት የዘበኞቹ አለቃ ሻለቃ ጎርሳን ታዘዘ። ቅጠሉን እንዲለዩ ደግሞ ንግሥቲቱን ያሳደጓቸው አሮጊት መድኃኒተኛ እሜቴ ሐርማ ተጨመሩ። ኢያሬ ሐርማን ጠረጠረች፤ ጠዋት ጠዋት ከኩታቸው ሥር ደብቀው ለንግሥቲቱ የሚሰጡት ነገር እንዳለ ታውቃለች። ሐርማም የመርዘኛ ልጅ ናት ብለው ኢያሬን ጠረጠሩ። ጎርሳን ደግሞ ሁለቱንም ጠረጠረ፤ ውሃ እንኳ ቢያቀብሉት መጀመሪያ ለበቅሎው ነበር የሚያጠጣው። ምስኪኗ በቅሎ በዚያ መንገድ ጥም የሚባል አላየችም።

ዳገቱ ሲበረታ የጎርሳን አሮጌ የጦር ቁስል ተነሣና ጉልበቱ አላራምድ አለው። ኢያሬ ከአባቷ ከረጢት ቅርፊት አውጥታ ቀቀለችለት።

«ቀድመሽ ጠጪ» አላት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ጠጣች። «እርስዎ ግን ምግብ ቀምሰው ይውሰዱት፤ በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል» አለችው። ሕመሙ ለቀቀው። ሆኖም ከእስረኛ ልጅ እጅ መጠጣቱን ሐርማ እንዳይሰሙበት ፈራና ደበቀ። ቆይቶም ባቱ አብጦ ደም ረጋበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኢያሬ ሳታይ ከሐርማ የዕፅ ሥር ተቀበለ። እሳቸውንም አስቀድሞ አቀመሳቸው። የጥንቃቄ ሁሉ ጌታ ነኝ ብሎ፣ ቅርፊቱንም ሥሩንም እያከታተለ ወሰደ።

በገደለ ሐሞት ቅጠሉን የሚጠብቀው ቀርነሞት ነበር፤ ሰውነቱ እንደ አዞ ቅርፊት የለበሰ፣ ቀንዱ እሳት የሚተፋ አውሬ። ጎርሳን ጋሻውን እየደበደበ ወደ ራሱ ሳበው። ኢያሬ በጭሱ ውስጥ በደረቷ ተስባ ቅጠሉን ከነግንዱ ነቀለች። አውሬው ሲወረወርበት ጎርሳን ጦሩን በጉሮሮው ሰካበት፤ ወደ ገደሉም ተንከባሎ ወረደ። ሻለቃው የተረፈው ክንዱን በቀንዱ ጫፍ ተጭሮ ነው። «እሾህ ከዚህ ይብሳል!» ብሎ ሣቀ።

ጭረቷ ግን አልቆም አለች። ቢያስሩትም ጨርቁን እያራሰች ወረደች። ድዱ መድማት ጀመረ፤ ልክ እንደ ንግሥቲቱ። ጎርሳን ሰይፉን መዘዘ።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ መርዛችሁኛል! ማናችሁ?»

«እኔ ቅርፊት ነው የሰጠሁዎት! ቀድሜ ጠጥቼ የለም?» አለች ኢያሬ።

ሐርማ ዞር አሉ። «ቅርፊት? ታዲያ የእኔን ሥር ሲወስዱ ምነው አልነገሩኝ? እኔም እኮ ቀምሼለታለሁ!»

ኢያሬ ደነገጠች። እሷ ቅርፊቱን ጠጥታ ደህና ናት፤ አሮጊቷም ሥሩን ቀምሰው ደህና ናቸው። ሁለቱንም የወሰደው ጎርሳን ብቻ ነው።

«እሜቴ፣ ለንግሥቲቱ ጠዋት ጠዋት የሚሰጡት ይኸንኑ ነው?»

ሐርማ እጃቸውን በኩታቸው ሸሸጉ። «አንቺ ቅደሚ! አፌን አስከፍተሽ እጄን ልታደርቂው ነው?»

ጎርሳን በጉልበቱ ወደቀ። ኢያሬ ቀኝ እጇን አየችው፤ የአባቷን ጥበብ ሁሉ ልትሸከምበት የነበረውን እጅ። ፈራች፣ በጣም ፈራች። አባቷ በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ታዩዋትና ጮኸች።

«ቅርፊቱ የሰርኪን ነው! የወንዝ ዳር ሰርኪን! ሕመም ያስታግሳል፣ ትኩሳት ያበርዳል። ክፋቱ ደም ማቅጠኑ ነው!»

ጣቶቿ ተሸመቀቁ፤ እጇ እስከ ክርኗ ጠቆረ። ሐርማ ይህን ሲያዩ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«የእኔ ዳምሳ ይባላል፣ ልጄ! የረጋ ደም ያላላል… እሱም ያቀጥናል! ወይኔ፣ ለየብቻ እየሰጠን የገዛ ንግሥታችንን አደማናት!» የእሳቸውም እጅ ደረቀ።

በቀሩት ሁለት እጆቻቸው ተጋግዘው ለጎርሳን ቅጠሉን ወቅጠው አጠጡት፤ ክንዱንም ጨምቀው አሰሩት። ቀስ እያለ ደሙ ቆመ። ናርዳ እንደ ደረሱ መጀመሪያ ቅርፊቱንም ሥሩንም አስቆሙ፤ ከዚያ ቅጠሉን ሰጡ። ፈውሱ የአንድ ጀንበር አልነበረም፤ ንግሥቲቱ ግን ዳኑ።

ጠቢብ ሳቤር ሰንሰለታቸው ተፈትቶ ሲወጡ የልጃቸውን እጅ አዩና በቁማቸው ቀሩ።

«ጠራሽው?»

«ጠራሁት፣ አባቴ።»

«አንቺ ሞኝ! እኔስ አንዲት ቃል ተናግሬ መትረፍ አቅቶኝ መሰለሽ? የእኔ እጅ አርጅቷል፤ ቢደርቅ ምን ይጎድልብኛል? መድኃኒቱ ላንቺ ይትረፍ ብዬ እኮ ነው ገደሉን የመረጥሁት!»

ኢያሬ ንዴቷ ከእንባዋ ቀደመ። «ለእኔ ብለው ቢሞቱ ኖሮ፣ በዚያ እጄ አፈር ላለብስዎት ነበር? መድኃኒት አይደለም፤ እርስዎን ነው የምፈልገው!»

ጠቢቡ ወደ ልጃቸው ተጠጉ። የደረቀውን እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ።